ስቲግማ የሚለውን ቃል የተማርኩበት የዋራበሌ ቀትር

ዝም በይ ሲሉኝ ዝም የማልል ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ታሪኩ መሀል ስትደርሱ «አንቺ ደግሞ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» እንዳትሉኝ ነው። ያላለኝ ሰው የለም። እናቴ ብላኛለች፣ ቁስሌን ያጠበልኝ ሐኪም ብሎኛል፣ ያስጣልኳት ልጅ ራሷ ሳትቀር ብላኛለች። እናንተም ብትሉ አልቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሶስና እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ዱ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። አያቴ በባቡሩ ሥራ ከድሬዳዋ መጥቶ በዚያው ቀረ፤ እኛም ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በሙቀቱ እየተማረርን፣ ሌላ አገር ስንሄድ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላን እየናፈቀን፣ ይኸው አለን። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ገበያ ሶማሊኛ እያወራን ነው ያደግነው። እንግሊዝኛውን የለመድኩት ዶራሌ ወደብ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ስሠራ ነው። ቢሮው ሲዘጋ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ፤ ኋላም ጁሊያ የምትባል የውጭ አገር ተመራማሪ አስተርጓሚ ትፈልጋለች ሲሉኝ ሄድኩ። ጥናቷ በሰው ቤት ስለሚሠሩ የኢትዮጵያ ሴቶች ነው። ከባሕር ማዶ የተመለሱትንም፣ ሊሻገሩ የመጡትንም ትጠይቃለች፤ እኔ አስተረጉማለሁ።

ይቺ ጁሊያ ከአፏ የማትለየው አንድ ቃል ነበራት፤ ስቲግማ። መጀመሪያ ብዙም አልተጨነቅኩበትም። ድሬዳዋ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «አድልዎና መገለል» የሚል ተለጥፎ አይቼ ስለነበር፣ «መገለል» እያልኩ አልፈው ጀመር። ሴቶቹ ግን ግራ ይገባቸዋል። አንዷን «መገለል ደርሶብሽ ያውቃል?» ብላት «ማን ያገለኛል እትዬ፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠሩኝ ነው የምውለው» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። ጁሊያ አልሳቀችም፤ በማግስቱ ትልቁን መዝገበ ቃላት አምጥታ ፊቴ ዘረጋችው።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ቃሉ የግሪክ ነው አሉ። በጥንት ጊዜ በሹል ነገር ተወግቶ ቆዳ ላይ የሚቀር ምልክት ማለት ነበር። ያመለጠ ባሪያ ሲያዝ፣ ወንጀለኛም ሲቀጣ፣ ያየው ሁሉ ማንነቱን እንዲያውቅ ግንባሩ ላይ ይነቅሱታል። እያደር ቃሉ ከቆዳ ወርዶ ስም ውስጥ ገባ፤ ምልክቱ ባይኖርም ውርደቱ ብቻውን ስቲግማ ተባለ። በኋላ ዘመን ምሁራኑ ተቀበሉትና ሰውን በአንድ ነገሩ ብቻ አይቶ ከሰው ተራ ለማውጣት መጠሪያ አደረጉት። እሷ በሽተኛ ናት፣ እሱ ታስሮ ነበር፣ ያቺ የሰው ቤት ገረድ ናት፣ አለቀ። እንግሊዞቹ ሲናገሩበት ስቲግማ ሰው ላይ ይለጠፋል፣ ሰውም ይሸከመዋል ይላሉ። ወዲያ ደግሞ የፈረንጅ ክርስቲያኖች የጌታ ቁስል በቅዱሳን ገላ ላይ ታየ ሲሉ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ስለ ዕፅዋት የሚያጠኑት ደግሞ ብናኝ የምትቀበለዋን የአበባ ጫፍ በዚሁ ስም ይጠሯታል። ውርደቱም ቅድስናውም አበባውም አንድ ላይ፤ ጉድ ነው አልኩ።

ጁሊያ በእናንተ ዘንድ ቆዳ ላይ በመርፌ የሚሠራ ምልክት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ንቅሳት አለ አልኳት። እናቴ አንገቷ ላይ ሦስት ዙር አላት፤ በልጅነቷ በመርፌና በጥላሸት የተሠራ ነው። ጌጥ ነው፤ ግንባር ላይ በመስቀል ቅርጽ ከሆነ ደግሞ ጠባቂ ነው፤ የእናንተ ግሪኮች ያሉት ሌላ የእኛ ሌላ ብዬ አፌን ሞልቼ ተከራከርኳት። እሷ ረጋ ብላ «እሱን የሚወስነው የተነቀሰው ነው ወይስ የሚያየው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። መልስ ሳጣ ደግሞ እናደዳለሁ፤ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ ጥሩነሽ ደወለችልኝ። ጥሩነሽ የወሎ ልጅ ናት፤ ባሕሩ ዳር ካሉት የውጭ ዜጎች ቤቶች በአንዱ እየኖረች ትሠራለች። ለጥናቱ አነጋግረናት ነው የተዋወቅነው። ሻሿን ሁልጊዜ እስከ ቅንድቧ ድረስ አውርዳ ነው የምታስረው፤ እኔ ጭምትነቷ ነው ብዬ ነበር። ያን ቀን ለቅሶዋ ንግግሯን እየቆረጠው ስለነበር ነገሩን ለመረዳት ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ታናሽ እህቷ የሺ ሳትነግራት ከአገር ወጥታለች። በጭነት መኪና መጥታ ዋራበሌ፣ ባልባላ ዳገት ላይ፣ አንድ ደላላ ቤት ውስጥ ናት፤ ከዚያ ወደ ኦቦክ ወደብ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ ማዶ፣ ወደ ዓረብ አገር። የሺ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። እናታቸው ከየሺ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውባት ስለነበር፣ ይቺኛዋ እንድትተርፍላት ነው በሕፃንነቷ ያስነቀሰቻት። ደላላው ግን እሷንና እንደ እሷ የተነቀሱትን፣ ማዶ ያሉት አሠሪዎች ግንባሯ ላይ መስቀል ያለባትን አይቀበሉም ብሏቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ቀትር ላይ ሊያጠፋላቸው ነው። የሺ ይህን በሰው ስልክ ደውላ ለእህቷ የነገረቻት እንደ ምሥራች ነበር።

«በምንድን ነው የሚያጠፉት?» አልኳት።

«ውኃ ነው ይሏቸዋል። ውኃ አይደለም እትዬ ሶስና። አሲድ ነው።»

እንዴት እንዳወቀች ብጠይቃት «ብቻ ቶሎ ነይልኝ» አለችኝ። ፖሊስ እንጥራ ስላት ደግሞ የባሰ አለቀሰች። ሁሉንም ሰብስበው ይመልሷቸዋል፣ የእኔም የመኖሪያ ፈቃድ አልቋል አለች። እሺ፣ እኔው አነጋግሬ አወጣታለሁ አልኩ። አያችሁ፣ በአፌ የማልወጣው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ማዕከላዊ ገበያ ስንገናኝ ቀትር ሊሆን ምንም አልቀረው። ጅቡቲን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ጫቱ ሊደርስ ሲል ከተማው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል፣ ከደረሰ በኋላ ደግሞ የሚነሣ ሰው የለም። አንድም ታክሲ ባልባላ አልወጣም አለን። ሮብሌ የሚባል ሽማግሌ ሾፌር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጫቱን ሲጠብቅ አየሁና ከኋላ ወንበር ገብቼ ተቀመጥኩ። ውረዱ አለ። አልወርድም አልኩ። በሶማሊኛ ሰደበኝ፤ በሶማሊኛ መለስኩለት። በመጨረሻ ሴት ልጅ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አራት አሉኝ አለ። አንዲት ልጅ ፊቷ ላይ አሲድ ሊያፈሱባት ነው፣ እኔና እቺ እህቷ እየሄድን ነው፣ አንተ ጫትህን ጠብቅ አልኩት። ሮብሌ ሞተሩን አስነሣ።

ዳገቱን ስንወጣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል። ጥሩነሽ መንገዱን ሙሉ ስታማትብ ነበር። የሺ ለእህቷ የደላላው ቤት ያረጁ የጭነት መኪናዎች ከሚፈቱበት ግቢ ጎን ነው ብላት ስለነበር ለማግኘት አልተቸገርንም። ሮብሌ መኪናውን አዙሮ አቆመና እጠብቃችኋለሁ አለ። የቆርቆሮውን በር አንኳኳሁ። ከውስጥ የሰው መቃተት ይሰማል።

የከፈተልን ራሱ ደላላው ነው። ይመር ይባላል። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጉንጩ በጫት የተወጠረ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ጥሩነሽ እህቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት ስትለው «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለን። በሩን ግን ከኋላችን ቀርቅሮ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ግቢው ውስጥ ስድስት ሴቶች ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠግተው ተቀምጠዋል። አንዷ ጥግ ላይ ተጋድማለች፤ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጥለውባት እግሯን መሬት ላይ ታፋትጋለች። የምታቃስተው እሷ ነበረች። ጨርቁ በስተግራ በኩል ተገልጦ ታየኝ። ያየሁትን ልነግራችሁ አልፈልግም፤ ብቻ ቆዳ አልነበረም። አንድ ክንዱ እስከ ብብቱ በግራሶ የጠቆረ ረጅም ሰው፣ የይመር ረዳት፣ በአንድ እጁ በብርጭቆ የተቀዳ ነገር፣ በሌላ እጁ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ይዞ ቆሟል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው እውነትም ውኃ ይመስላል። ፊት ለፊቱ ዱካ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የሺ ነበረች። እኛን ስታይ ፊቷ ፈካ፤ እህቷን ልታቅፍ ብድግ ስትል ረዳቱ እንጨቱን ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ ትከሻዋን ይዞ አስቀመጣት።

በልመና ጀመርኩ። ወንድሜ፣ ልጅቷ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ይዘናት እንሂድ አልኩት። ይመር ወደ የሺ ዞሮ «ሐሳብሽን ቀይረሻል?» አላት። እሷም «ኧረ አልቀየርኩም፤ ሕመሙ ሲያድር ይለቃል ብላችሁን የለ» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ማን ነኝና ሐሳቧን የምቀይርላት? ይመር እጁን ዘረጋ፤ አየሽ እንደ ማለት።

በዚህ ጊዜ ነው የሠራሁትን የሠራሁት። ዝም ካልኩ ብርጭቆው እንደሚዘነበል አይቻለሁ። ጥሩነሽ ቀስ እያለች ወደ እህቷ እየተጠጋች ነው። ስለዚህ መናገር ነበረብኝ፤ ምንም ይሁን ምን መናገር። አፌ ላይ የመጣልኝ ደግሞ ያ የጁሊያ ቃል ነው። መሀል ግቢ ቆሜ «ስቲግማ የሚባል ነገር ታውቃላችሁ?» አልኩ። ረዳቱ አበደች እንዴ ብሎ ይመርን አየው። እኔ ቀጠልኩ። ግሪኮችን አነሣሁ፣ ያመለጡትን ባሪያዎች አነሣሁ፣ ግንባራቸው ላይ እንዴት እንደሚነቅሷቸው ተናገርኩ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ግን ስለ አበባ ጫፍ እያወራሁ ነው። ሞትን በወሬ ስጠብቅ ያን ጊዜ ብታዩኝ ትስቁ ነበር።

ይመርም ሳቀ። «እህቴ ተሳስተሻል» አለኝ፤ «እኔ እኮ የማጠፋ ነኝ እንጂ የምነቅስ አይደለሁም።»

«አንተ ያጠፋኸውን ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ልጅ ዕድሜ ልኳን ትሸከመዋለች» አልኩት።

«ጠባሳ መስቀል አይደለም። ጠባሳ ሲያዩ የሥራ አደጋ ነው ይላሉ፣ ያልፏታል። በይ አሁን ይበቃል።»

ከዚያ ለረዳቱ በአገጩ ምልክት ሰጠው። ረዳቱ የየሺን ፀጉር ከኋላ ጨምድዶ ጭንቅላቷን ወደ ሰማይ ገለበጠው። ልጅቷ ይህን አልጠበቀችም፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራችው። ጥሩነሽ እጁ ላይ ደርሳ ነበር። ሻሿን በአንድ ጊዜ ከራሷ ላይ መንጭቃ ጣለች።

ከቅንድቧ በላይ መሀል ግንባሯ ጎድጉዷል። ቆዳው ተኮማትሮ አንዱን ቅንድቧን ወደ ላይ ጎትቶታል፤ አጥንቱ ላይ የተጣበቀ ቀይ ወረቀት ይመስላል። የሺ እህቷን አይታ ጮኸች። ለዓመታት ፎቶ ሲላክላት ሻሹን እንጂ ከሥሩ ያለውን አይታ አታውቅም።

ጥሩነሽ ልጆቹን ዞር ብላ «የኔንም መስቀል ሲያጠፉ ውኃ ነው ብለውኝ ነበር» አለቻቸው። «ማዶ ስደርስ አሠሪዬ አየችኝና ይህ በሽታ ነው ብላ መለሰችኝ። ዕቃ አላስነካችኝም። ይሄን ለብሳችሁ የትም አትደርሱም።»

አንደኛዋ ልጅ ተነሣች። ሌላዋም ተከተለቻት። የይመር ለስላሳነት እዚያ ላይ አበቃ። ግድግዳ የተደገፈውን የውኃ ቧንቧ ብረት አንሥቶ ጥሩነሽን ማጅራቷ ላይ መታት። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ነው የሚመስለው። በጉልበቷ ወደቀች፤ ሁለተኛ ሊመታት ብረቱን ሲያነሣ ረዳቱ የሺን ጎትቶ ያስነሣበትን ዱካ በሁለት እጄ ይዤ አናቱ ላይ አሳረፍኩበት። በሕይወቴ ዶሮ አርጄ አላውቅም። ደሙ በሸሚዙ ላይ ሲወርድ ሳይ ግን አላዘንኩም፣ ደስ ነው ያለኝ፤ ደገምኩት። ዞሮ ጉሮሮዬን ያዘ። አውራ ጣቱን ነከስኩት፤ ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ድረስ ነከስኩት። ብረቱ ከእጁ ወደቀ። ሁለት ልጆች እግሩ ላይ ተጠመጠሙ፣ አንዷ በድንጋይ ጀርባውን ትደበድበዋለች። በሩ ስለተቆለፈ የሚያመልጥ የለም፤ እነሱም እኛም አንድ ወጥመድ ውስጥ ነበርን።

ረዳቱ የሺን አለቀቃትም። ፀጉሯን እንደያዘ ወደ ግድግዳው እየጎተታት፣ ብርጭቆውን ከፊቷ በላይ ከፍ አድርጎ «ሁላችሁም ቁጭ በሉ፣ አለበለዚያ ሁሉንም ነው የማፈስባት» አለ። የተቀመጠ ግን የለም። እሱም ደንግጧል፤ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጠብታው ትከሻዋ ላይ ወድቆ ልብሷን ሲበላ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። ጀግንነት ነው እንዳትሉኝ፤ ጀግና ያስባል፣ እኔ ግን በንዴት ነው የሮጥኩት። በትከሻዬ የሺን ከሥሩ ገፍቼ ስጥላት ብርጭቆው እኔ ላይ ተደፋ።

መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ። በእውነት ውኃ መሰለኝ፤ ተሳስተን ነው እንዴ ብዬ እስካስብ ድረስ ቀዘቀዘኝ። ከዚያ ከጉንጬ ጀምሮ አንገቴን ይዞ እስከ ትከሻዬ እሳት ወረደ። እሳት ብቻ ብል እዋሻለሁ፤ እሳት ይነካና ይለቃል፣ ይህ ግን አይለቅም፣ እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል። ጩኸቴን ሰምቼ የሌላ ሰው መሰለኝ። በእጄ ልጠርገው ስሞክር መዳፌም ተቃጠለ።

የሆነውን ቀሪ ነገር የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ሮብሌ ጩኸት ሲሰማ የቆርቆሮውን በር በመኪናው አፍንጫ ገፍቶ ገነጠለው። የመኪናውን ክሪክ ይዞ ገብቶ ረዳቱን ክርኑ ላይ ሲመታው ክንዱ ተንጠለጠለ። ከዚያ ለራዲያተሩ የሚይዘውን ጀሪካን ውኃ አምጥቶ ራሴ ላይ ደፋው። አልበቃም። የጎረቤት ሴቶችን ተጣራ። ባልባላ ውኃ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እነዚያ ሴቶች ከየቤታቸው በርሜል ለልጆቻቸው ያስቀመጡትን ውኃ በባልዲ በባልዲ እየቀዱ፣ ስሜን ሳያውቁ፣ በሶማሊኛ «አባዮ፣ አባዮ»፣ እህቴ፣ እህቴ እያሉ ፊቴ ላይ ሲያፈሱ ዋሉ። ዓይኔን ያተረፉልኝ እነሱ ናቸው። ይመር በዚያ ግርግር በአጥር ዘሎ ጠፋ። ረዳቱን ግን የሰፈሩ ሰው ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ በምን ሁኔታ እንዳስቀመጡት አልነግራችሁም። ልጆቹ ፖሊስ ሳይደርስ ተበትነዋል።

ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ጥሩነሽ አንገቷ ላይ ድጋፍ አስረውላት እያለቀሰች ትጠይቀኝ ነበር። ጥግ ላይ ተጋድማ የነበረችውን ልጅ አብረውን አምጥተዋት ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ጨርቋን ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ከአልጋዋ ጠፋች። ስሟን እንኳን አላወቅኩም። ዛሬም ድረስ ኦቦክ ደርሳ ይሆን፣ ተሻግራ ይሆን እያልኩ የማስበው እሷን ነው።

የሺስ? ጥሩነሽ የምትኖረው አሠሪዎቿ ቤት ስለሆነና ሌላ የሚወስዳት ስለሌለ የሺን እናቴ ቤት አመጣናት። ከሆስፒታል ስወጣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ግንባሯ ላይ ያቺ ትንሽ መስቀል ሳትነካ አለች። ታመሰግነኛለች ብዬ አስቤ እንደ ነበር አልደብቃችሁም። እሷ ግን በፋሻ የታሰረውን ፊቴን ቀና ብላ ሳታይ «እትዬ፣ ግንባሩ የኔ ነበር። ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። ቤታቸው የሚጠብቅ አፍ አለ፤ እሷ ተሻግራ ልታበላቸው ነበር። አሁን ደላላው ጠፍቷል፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ እኔ ደግሞ በእሷ ምክንያት ሰው መምሰል አቅቶኛል። ጥላቻዋ ከየትኛው እንደመጣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን እየረዳች፣ ቤት እያጸዳች፣ እኔን ግን «እሺ» እና «አልፈልግም» ከማለት በቀር ሳታናግረኝ ወራት አለፉ። እኔም በገንኩ፤ አንዳንድ ቀን ከቤት ላስወጣት ሁሉ አስቤ አውቃለሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ያን ቃል በደንብ የተማርኩት ከዚህ በኋላ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ሴት ፊቷ ላይ አሲድ ካለ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ወንድ ደፍቶባታል። ወንድ ከደፋባት ደግሞ ያለ ምክንያት አልደፋባትም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ በሐዘን «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። ታክሲ ውስጥ ጠየቁኝ። ለሥራ የሄድኩበት ቢሮ ጸሐፊዋ ጠየቀችኝ፤ ሥራውንም አላገኘሁም። ባል የለኝም፣ ነገሩ እንዲህና እንዲያ ነው ብዬ ሳስረዳ አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል፤ ዓይናቸው ግን አያምነኝም። ስቲግማ ይለጠፋል የሚሉት ለካ እውነታቸውን ነው፤ በሰው ዓይን ነው የሚለጠፈው። ጁሊያ ልትጠይቀኝ መጥታ ስታለቅስ ይህንን ነገርኳት። ጥናትሽ ውስጥ «መገለል» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄው እንደሆነ ጻፊ፤ ሰው የሚገለለው መልሱ ሳይሰማ ሲቀር ነው አልኳት። ጻፈችው፤ አልጻፈችው አላውቅም። ያኔ ስትጠይቀኝ ያጣሁትን መልስ ግን ያን ቀን ሰጠኋት። የሚወስነው የሚያየው ነው፤ ይህ ያናድደኛል፣ እስክሞትም ያናድደኛል።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ባለፈው ከየሺ ጋር ማዕከላዊ ገበያ ሄድን። እናቴ ዕቃ እንድትሸከምልኝ ብላ ነው የላከቻት፤ እንደ ልማዷ ከኋላዬ ራቅ ብላ ዘንቢሉን ይዛ ትከተለኛለች። አንዲት አማርኛ ተናጋሪ ሽንኩርት ሻጭ ሚዛኑን እንደያዘች ፊቴን አየችና እጇ ቆመ።

«ውይ በሞትኩት። ምን አድርገሽው ነው እህቴ?»

ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ሂሳቡን ከፍዬ ልሄድ ቦርሳዬን ስከፍት የሺ ከኋላዬ መጥታ በሁለታችን መካከል ቆመች። ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፍታ ግንባሯን ለሴትየዋ አሳየቻት።

«ቁስሉ የኔ ነው» አለቻት። «ለዚህ መስቀል የተቀዳ ነበር። እሷ ናት የጠጣችልኝ።»

ሴትየዋ አንዴ የሺን፣ አንዴ እኔን አየች፤ አንገቷን ደፍታ ሽንኩርቱን መዘነችልን። የሺ ዘንቢሉን አነሣች፣ በሌላ እጇ እጄን ያዘች፣ ሻሿን ሳትመልሰው አብረን ወደ ቤት ሄድን።